ከመቅደላ እስከ ሳንጃ፤ የፎቶግራፍ አንሺው ሙያና ፍቅር

የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ በዙፋን ስማቸው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አይታወቅም። የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ለትውልድ የደረሰው በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች በሣሏቸው ሥዕሎችና፣ መቅደላ በተያዘበት ዕለት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ከሞቱ በኋላ በነደፈው ምስል ነው። ይህም የሆነው ካሜራ በአካባቢው ስላልነበረ አይደለም። ያው ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲስ ወታደሮችን ከነመሣሪያቸው ይዞ ስለ ነበር አምባውን፣ ምሽጉንና ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን በመስታወት ላይ አስቀርቷል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1852 ዓ.ም. ገደማ፣ ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚስዮናዊ ካሜራ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱና በአገሪቱ የመጀመሪያ የሚባሉትን ፎቶግራፎች ማንሣቱ ተጽፏል። አዲሱ ጥበብ በፓሪስ ይፋ የሆነው በነሐሴ 1831 ዓ.ም. ነበርና፣ ወደ ጎንደር አገር ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ከ20 ዓመት ብዙ የሚበልጥ አልነበረም ማለት ነው።

አባትየው ያላገኙትን ፎቶግራፍ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ አገኘ፤ ያገኘው ግን በስደት ነው። በዚያው በ1860 ዓ.ም. ክረምት፣ ዕድሜው 7 ዓመት ገደማ ሳለ፣ ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት ላይ በዘመኑ ከታወቁት የፎቶግራፍ ሰዎች አንዷ በነበሩት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። በአንዳንዶቹ ምስሎች ላይ አብሮት የሚታየው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ አማርኛ የሚያውቀውና በኢትዮጵያ ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በእርጥብ ኮሎዲዮን የሚሠራ ሰው ሌንሱን ከፍቶ ብዙ ሰኮንድ፣ የካሜሮንን ያህል ታጋሽ ከሆነም አንዳንዴ ደቂቃዎች መጠበቅ ነበረበት። ወላጆቹን ባጣበት ዓመት ይህ ሕፃን ሳይነቃነቅ የተቀመጠበት ያ ረጅም ጊዜ ከፊቱ ላይ ይነበባል። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሲሞት፣ ከሌላው ሁሉ አብልጦ ለወገኖቹ ሊተርፍ የቻለው ያ ምስል ነው። ስለ ጉርድ ፎቶግራፍ ሙያ የሚነገረው ታሪክም በዚህ ቢጀምር የተገባ ይመስላል፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ውስጥ ጥሩ ፎቶግራፍ ዋጋው ሙሉ ሆኖ የታወቀው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ነውና።

በቤተ መንግሥት በኩል ካሜራው ሥር የሰደደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዲያርበኪር የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1898 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ሙያውንም ለልጆቻቸው ለሃይጋዝና ለቶርኮም አወረሱ። እነዚህ የአንድ ቤት ሰዎች ከዐፄ ምኒልክ ጀምሮ በንግሥት ዘውዲቱ በኩል አልፈው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድረስ የነገሥታቱን መልክ ቀርጸዋል። ከእነርሱ በኋላም ኢትዮጵያዊው አቶ ሽመልስ ደስታ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ሠርተዋል፤ ሥራዎቻቸውም በለንደን ለሕዝብ ታይተዋል። ፎቶግራፍ የሹመትና የክብር መሣሪያ የመሆኑን ያህል የክስም መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል በ1908 ዓ.ም. ታይቷል። ልጅ ኢያሱ ጥምጣም ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶግራፍ በጠላቶቻቸው እጅ ማስረጃ ሆኖ ዞረ፤ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ። የሪታች እርሳስ የያዘ ባለሙያ ሁሉ ይህን ታሪክ ማወቁ አይከፋም።

ሆኖም የቤተ መንግሥቱ ካሜራ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ ያለውን ዘመን በሰፊው ይዟል። እምብዛም ያልተጻፈለት የፎቶ ቤቱ ሰው ነው፤ ይኸውም ከአንድ ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ መጋረጃና ከአንድ ወንበር በስተቀር ሀብት ሳይኖረው የአንድን ከተማ ሕዝብ በየተራ ያስቀመጠው ባለሙያ።

ወደ ሳንጃ እንመለስ ከተባለ፣ ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ ናት። አርማጭሆ በጠላት ወረራ ዘመን አሞራው ውብነህን የመሰሉ አርበኞች የተዋጉበት አገር ነው። በእነዚያ 5 ዓመታት ካሜራው በአብዛኛው በወራሪው እጅ ነበር፤ የኢጣሊያ ወታደሮች በኪሳቸው ይዘውት የመጡት ትንሽ ካሜራ የገደሏቸውን ሰዎች ሳይቀር አንሥቷል። የጎንደሩ የኢጣሊያ ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ከሰጠ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጎፈሬውን ያላበጠረ፣ ዝናሩን የታጠቀ፣ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ ያጋደመ አርበኛ የሚታይበት ፎቶግራፍ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ይህ የአርበኛ ምስል በአገራችን የጉርድና የቁም ፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል። ተነሺው በሌላ ሰው ፈቃድ ሳይሆን በራሱ ፈቃድ፣ ራሱ በመረጠው ልብስና አቋም ለታሪክ የቀረበበት ምስል ነውና።

ከዚያ ወዲህ ለፎቶ ቤቱ እንጀራ የሆነው ጉርዱ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለፓስፖርት ጉርድ ያስፈልጋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ ደግሞ መታወቂያ ለማውጣት የሚመጣው ሰው በዛ። ይህ ሥራ ለባለሙያው አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ፣ አትሳቅ፣ አትንቀሳቀስ። ነገር ግን እውነተኛው ፎቶ አንሺ የሚለየው በዚሁ ላይ ነው። ከገጠር መጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንበሩ ላይ የተቀመጠች እናት ፊቷ የሚዝናናበትን ቅጽበት መጠበቅ፣ መብራቱን ወደ ጎን አድርጎ የጉንጯን አጥንት ማውጣት፣ ነጠላዋ በአንገቷ ላይ የሚያርፍበትን ማስተካከል ማንም ያላዘዘው፣ ማንም የማይከፍልበት ሥራ ነው። ተነሺውም ቢሆን ጉርዱን ለመሥሪያ ቤት ብቻ አይጠቀምበትም ነበር። አንዱን ኮፒ አስተርፎ በጀርባው የመታሰቢያ ቃል ጽፎ ለእናቱ፣ ለወዳጁ ወይም ለእጮኛው ይሰጠዋል፤ ወይም በፖስታ ይልከዋል። እንደ መተማና እንደ ሳንጃ ባለ፣ ሰው ለእርሻ ሥራ በሚመጣበትና ወደ ሱዳን በሚያልፍበት አገር፣ እንዲህ ያለው ቁራጭ ወረቀት ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ለመገመት አያስቸግርም።

የቆላው አገር ለሙያው የራሱ የሆነ ፈተና ነበረው፤ ስለዚህም ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መናገር ይገባል። የጥቁርና ነጭ ፊልም መደበኛ የማጠቢያ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው ውኃ እንኳ ከዚህ ልክ በብዙ ይበልጣል። ውኃው ሲሞቅ ሁለት ጥፋት ይመጣል። አንደኛ፣ መድኃኒቱ በፍጥነት ስለሚሠራ ኔጋቲቩ ይጠቁርና ዝርዝሩ ይጠፋል። ሁለተኛና የከፋው ግን ብሩን የያዘው የጄላቲን ሽፋን አብጦ መለስለሱ ነው፤ እንደ ደረቀ መሬት ይሰነጣጠቃል፣ አንዳንዴም ከፊልሙ ላይ ተልጦ ይቀራል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በሙያው መጻሕፍት ውስጥ የታወቀ ነው፤ ሶዲየም ሰልፌት በዴቬሎፐሩ ላይ መጨመር፣ በክሮም አለም ሽፋኑን ማጠንከር፣ ማጠቢያውን ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ማድረግ። በአገር ቤት እጅ ያለው ዘዴ ደግሞ እንስራ ነው። በእንስራ ያደረ ውኃ በሸክላው በኩል እየሰረገ ስለሚተን ከአየሩ በግልጽ ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ የማያደርግ ሰው ፊልሙን ሳይታጠብ ጠቅልሎ ወደ ደጋው፣ ወደ ጎንደር፣ መላክ ነበረበት። የተነሣ ነገር ግን ሳይታጠብ በሙቀት በቆየ ቁጥር እየደበዘዘ እንደሚሄድ ባለሙያው ያውቃል።

ሠርጉ ደግሞ ይህን ሁሉ ጭንቀት በአንድ ቀን ላይ ያከማቸዋል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሠርግ የሚበዛው ከዐቢይ ጾም በፊት በጥርና ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ስለ ሆነ፣ ቆላው በሚነድበት ሰሞን ይውላል። የመካከለኛው መጠን ካሜራ ፊልም በካሬ ቅርጽ 12 ምስል፣ የ35 ሚሊ ሜትሩ 36 ምስል ብቻ ይይዛል። ሙሽራው ሲወጣ፣ ሙሽሪት ስትሸኝ፣ የወላጅ ጉልበት ሲሳም፣ ሚዜዎች ሲቆሙ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ አንድም ነገር አይደገምም፤ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ሆነ ጉርድ፣ ነገ ተመለሱና ልድገመው አይባልም። ስለዚህ ጥሩ የሠርግ ፎቶ አንሺ ከካሜራው በፊት የሠርጉን ሥርዓት ማወቅ ነበረበት፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም፣ አያትየው በየት በኩል እንደሚቀመጡ፣ የትኛው አጎት ካልተነሣ ቂም እንደሚይዝ። ዛሬ በአንድ ሠርግ ላይ ሺህ ጊዜ የሚጫን ሰው 12ቷን ለማከፋፈል የሚጠይቀውን ማስተዋል ለመረዳት ይቸገር ይሆናል።

ከዚህም ሌላ የብርሃኑ ጉዳይ አለ። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ እጅግ ነጭ ነው፤ የለበሰችው ሙሽራ ፊት ጠይም ነው። ብርሃን መለኪያው በነጩ ተታሎ ሲቀንስ ፊቷ ይጨልማል፤ ለፊቷ ሲሰጥ ጥለቱና ሸማው ነጭ ሆኖ ይጠፋል። በእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ደግሞ ዓይኖች ጉድጓድ ይሆናሉ። ፊልሙንና ወረቀቱን የሠሩት ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን ልካቸውን ያወጡት በነጭ ሰው ቆዳ ነበር፤ ኮዳክ የጥቁር ቀለምን ደረጃ በሚገባ እንዲያሳይ የቀለም ፊልሙን ያሻሻለውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገደማ ሲሆን፣ ከገፋፉት መካከል የቸኮላታና የቤት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ እንደ ነበረበት ተመዝግቧል። የጠይም ሰው ቅሬታ ያላስኬደውን ቸኮላታ አስኬደው ማለት ነው! ኢትዮጵያዊው ፎቶ አንሺ ያን እስኪያሻሽሉለት አልጠበቀም። ሙሽሮቹን ወደ ዛፍ ጥላ ወስዶ፣ ለፊት ለክቶ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በማተሚያው ብርሃን ሥር ሸማው ላይ ጨምሮ ፊቱን በእጁ መዳፍ እየከለለ ሁለቱንም አወጣ። በአዲስ አበባ የግዮን ሆቴል ግቢ፣ በጎንደር የፋሲል ግንብ የሙሽሮች መነሻ የሆኑት ለማማራቸው ብቻ ሳይሆን ጥላ ስላላቸውም ጭምር ነው ቢባል ባለሙያ አይከራከርም።

በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ የገባ ጎብኚ ግድግዳውን የሸፈኑትን የሟቾች ፎቶግራፎች ያያል። የሙያ ሰው ግን ሌላም ነገር ሊያስተውል ይችላል። ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት የተነሣ የሚመስል ጉርድ፣ ጎን የዞረ ትከሻ፣ ከኋላ የተዘረጋ መጋረጃ፣ በእርሳስ የለሰለሰ ጉንጭ እዚያ አለ። ፎቶ ቤት ውስጥ ሲነሡ ለዚህ ይሆናል ያለ ማንም አልነበረም። ለወላጅ ከልጇ የቀረው ግን ያ ነው፤ ያም የቀረው አንድ ሰው መብራቱን በጥንቃቄ አስተካክሎ፣ ወረቀቱን ከሃይፖ አጥርቶ ስላጠበው ነው። ማጠቢያው በተቻኮለ ቁጥር በወረቀቱ ውስጥ የሚቀረው ሃይፖ ብሩን ቀስ በቀስ ስለሚበላው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ቢጫ የሚሆነውና 100 ዓመት የሚዘልቀው ፎቶግራፍ ልዩነታቸው ብዙውን ጊዜ የግማሽ ሰዓት ውኃ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የቤተሰብ አልበሞችን ሰብስበው በመጽሐፍ ያወጡ ወጣቶች ይህ ሀብት ምን ያህል ሕዝብን እንደሚስብ አሳይተዋል። የአልበሞቹ ፎቶዎች የሚገኙት ከባለቤቶቹ ዘንድ ነው፤ ኔጋቲቮቹ ግን በፎቶ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ፎቶ ቤቶች ሲዘጉ ወይም ሥራ ሲቀይሩ ሳጥኑ ቦታ ያዘ እየተባለ ይጣላል። አንድ የጎንደር ወይም የሳንጃ ፎቶ ቤት የ20 ዓመት ኔጋቲቭ ቢጥል የሚጠፋው የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ የከተማው ሕዝብ በሙሉ፣ ልብሱ፣ የጸጉር አሠራሩ፣ የሠርጉ ሥርዓት ነው። ከቆላው ሙቀትም የተነሣ እዚያ ያለው ከደጋው ይልቅ ጊዜ አይሰጥም። የቀለም ኔጋቲቭ ደግሞ በጨለማ ውስጥ ሆኖም በሙቀት ቀለሙ ይሄዳልና መቅደም ያለበት እርሱ ነው።

በእጁ እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው የሙያ ባልደረባ ኔጋቲቮቹን ከፕላስቲክ ከረጢት አውጥቶ በንጹሕ ወረቀት ይጠቅልላቸው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ አርቆ፣ ከመሬትም ከፍ አድርጎ በጭቃ ግድግዳ ቤት ውስጥ ያስቀምጣቸው። በመጠቅለያው ላይም ዓመተ ምሕረቱን፣ የከተማውን ስምና የራሱን የአንሺውን ስም ይጻፍ። ሲጽፍም በቢክ ሳይሆን ለስለስ ባለ እርሳስ ቢሆን ይሻላል፤ የቢክ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ምስሉ ይዘልቃል።