ሮቤል ተክለማርያም በአመዳይ ሜዳ

በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ ባለው ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት የሚወርደው ውርጭ የጓሳውን ሣር አንጥቶ አድሮ ፀሐይ ከፍ ስትል ስለሚጠፋ፣ የመንዝ ሰው ብርድን በበርኖስ መመከትን ከአባቱ ቢወርስም በአመዳይ ላይ መንሸራተትን የሚማርበት ሜዳ ከቶ አልነበረውም። ዳዊት የደገመ ተማሪ ግን በረድን፣ አስሐትያንና ሐመዳን በየስማቸው ለይቶ ሲጠራ ኖሯል። በአመዳይና በበረዶ ላይ የሚደረገውንም የዓለም ውድድር ስም «የክረምት ኦሊምፒክ» ብለን መተርጐማችን ለአገራችን አንባቢ ነገሩን ያዛባበታል፤ በእኛ ዘንድ ክረምት የዝናም ወራት ሲሆን ውርጩ የሚወርደው በበጋ ነውና።

በ1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው በሌክ ፕላሲድ በአመዳይ ላይ የሚንሸራተቱበትን ስኪ ተምሮ፣ በኋላም ለኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ተወዳድሯል። ነገር ግን በአሳደገችው አገር ስም ሳይሆን በተወለደባት አገር ስም ለመሰለፍ ስለ ቈረጠ፣ የኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም ራሱ ደክሞ፣ በረዶ በሌለበትም በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ መንኰራኵር በተገጠመለት ስኪ ሲለማመድ ሰንብቶ፣ የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. በቶሪኖው ኦሊምፒክ የ15 ኪሎ ሜትሩን ውድድር ሮጦ 83ኛ ወጣ። በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በቫንኩቨርም የካቲት 8 ቀን 2002 ዓ.ም. በዚያው ርቀት 93ኛ ሆነ።

ያችው ሌክ ፕላሲድ በየካቲት 1972 ዓ.ም. የአንዲት ትንሽ አገር ልጆችን ተጋድሎ አይታ ነበር። ሀንጋሪያውያኑ ክሪስቲና ሬጎጺና አንድራሽ ሻላይ በበረዶ ላይ ዳንስ የብር ሜዳይ አገኙ፤ በተከታዩም ወር በዶርትሙንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። የበረዶ ላይ ዳንስ መጀመሪያ የኦሊምፒክ ውድድር በሆነበት በ1968 ዓ.ም. በኢንስብሩክ 5ኛ የነበሩት እነዚህ ጥንዶች እዚህ መዓርግ የደረሱት በትጋታቸው ብቻ አይደለም፤ ቤቲ ካላዌይ የተባለች እንግሊዛዊት መምህርት ነበረቻቸው፣ በቡዳፔስትም ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የበረዶ ሜዳ ነበር። ዳንሱን የሚመዝኑት ዳኞች ናቸው፤ የ15 ኪሎ ሜትሩ ስኪ ግን ተወዳዳሪዎቹ በሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ የሚለቀቁበትና ፍርዱም የሰዓት ብቻ የሆነበት ሩጫ ነበር። ሮቤል እንግዲህ በአገሩ የበረዶ ሜዳም ሆነ የቀደመው ሯጭ ሳይኖር ለዚህ ፍርድ ብቻውን የቀረበ ሰው ነበር።

83ኛና 93ኛ የሚለውን ቍጥር ብቻ አንሥተው «ምን አመጣ» የሚሉ ሰዎች ሚዛናቸው ጐደሎ ይመስለኛል። በሩጫ ሜዳ የለመድነው ወርቅ ዐይናችንን ስለ ያዘው፣ ፌዴሬሽን ከማቋቋም እስከ መጨረሻው መሥመር ያለውን ድካም አንድ ሰው ብቻውን እንደ ተሸከመው ሳናስተውል ቀርተናል። ከእርሱም በኋላ በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግና በቤጂንግ በተደረጉት ሦስት የክረምት ኦሊምፒኮች አንድም ኢትዮጵያዊ አልተሰለፈም።