የሃዳር ድርብርብ

ድንቅነሽን የማያውቅ የለም። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ስለተኛችበት መሬት ነው፤ ጆሮ ስጡኝ።

ቦታው አፋር ነው፤ አዋሽ በበረሃው መካከል የሚያልፍበት ሃዳር። ዝናብ እምብዛም አይጥልም፤ ሲጥል ግን ጎርፍ ነው። ያ ጎርፍ ኮረብታውን ቦርቡሮ ሆዱን አውጥቶታል። በገደሉ ላይ ግራጫው፣ ቡናማው፣ ነጣ ያለው ደለል መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተነባብሮ ይታያል፤ መጀመሪያ የወጣው ከሥር፣ የመጨረሻው ከላይ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሞሪስ ታየብ የተባለ፣ ቱኒዚያ የተወለደ የሥነ ምድር ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ድርብርብ በስም ለየው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሥር ተነስቶ ወደ ላይ እየወጡ እያንዳንዱን ንጣፍ መጻፍ ነው፦ ቀለሙ ምን ይመስላል? አሸዋ ነው ወይስ ጭቃ? ውፍረቱ ስንት ነው? የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለበት? ከላዩ ካለው ጋር የሚገናኘው በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ?

ታዲያ ድንበሩ የት ይደረግ? የወንዝ አሸዋ ጥቂት ርቀት ሄዶ ይጠፋል። የእሳተ ገሞራ አመድ ግን በአጭር ጊዜ አገር ምድሩን ያለብሳል። ስለዚህ አመዱ ድንበር ሆነ፤ የሃዳር ፎርሜሽን የሚባለው ይህ ድርብርብም በአራት ተከፈለ። ከሁሉ በታች የመሠረቱ ክፍል፣ ከዚያ ሲዲ ሃኮማ፣ ዴነን ዶራ፣ ካዳ ሃዳር። ሦስቱ ስሞች የአካባቢው ደረቅ ወንዞች ስሞች ናቸው። የአፋር እረኛ ፍየሉን የሚነዳበት ወንዝ ስም ዛሬ የሰው ዘርን አመጣጥ የሚያጠና ሁሉ ሊጠራው ግድ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ልቤን ደስ ያሰኘዋል።

እነሆ፣ የዲኪካዋ ሕፃን የሰላም ቅሪተ አካል ከሲዲ ሃኮማ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከ13 ያላነሱ ሰው መሰል ፍጡራን አጽም የተገኘው ዴነን ዶራ ውስጥ ነው። ድንቅነሽ ደግሞ ከካዳ ሃዳር አመድ ጥቂት ከፍ ብላ ነበር የተኛችው። 3.18 ሚሊዮን ዓመት የምንለው ዕድሜዋ ከአጥንቷ አልተለካም፤ በአመዱ ክሪስታል ውስጥ ከታመቀው አርጎን እንጂ።

የድርብርቡ ዕድሜ ግን ብዙ አከራክሯል። ክርክሩን ካረገቡት ነገሮች አንዱ የሲዲ ሃኮማ አመድ ኬሚካላዊ ይዘት ነው፤ ኬንያ ውስጥ በቱርካና ሐይቅ ዳር ካለው የቱሉ ቦር አመድ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ያው አመድ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ሥርም አለ። ከ3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ አንድ እሳተ ገሞራ ሦስቱን ቦታዎች አስተሳሰራቸው።

የሚያስቆጨው ከላይ ያለው ነው። የሃዳር ድርብርብ 2.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ሲደርስ በሽርሸራ ተቆርጧል፤ በላዩ ያረፈው የቡሲዲማ ፎርሜሽን የሚጀምረው 2.7 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የእኛ ወገን፣ ሆሞ የምንለው፣ ብቅ ያለበት ዘመን በዚያ ክፍተት ውስጥ ቀረ። ተመራማሪዎች ግን ፊታቸውን ወደ ጎረቤቱ ሌዲ ገራሩ አዞሩ። የጠፋው ዘመን ደለል እዚያ ተርፎ ነበር፤ ጉሩማሃ የተባለ፣ 2.82 ሚሊዮን ዓመት የሆነው አመድም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮጵያዊው ቻላቸው ስዩም ከዚያ አመድ በላይ ካለው ደለል የወጣ፣ ጥርስ ያለበት የግራ መንጋጋ ቁራጭ አነሳ፤ ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ወገኑም ሆሞ።