«ተስማሚ» እና «ተጣጣሚ»፦ ከአንድ ታብሌት ታሪክ በመነሣት

አንድ የቴክኒክ ቃል በአማርኛ ሲተካ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ቃሉን የወለደው ችግር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 «ሲስተም 360»ን ይፋ ከማድረጉ በፊት፣ አነስተኛ ኮምፒዩተሩን በትልቅ የሚለውጥ ደንበኛ ፕሮግራሞቹን እንደገና ማስጻፍ ግድ ይሆንበት ነበር። የአዲሱ ቤተሰብ ሞዴሎች ግን የጋራ ትእዛዛት ስለ ነበሯቸው፣ ለትንሹ የተጻፈው በትልቁም ላይ ይሠራ ጀመር። የጽንሰ ሐሳቡ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በታብሌት ዘመን ምን እንደ ገጠመው ለመረዳት የ2012ን ሁኔታ እንመልከት። ማይክሮሶፍት በዚያ ዓመት ኦክቶበር 26 ቀን «ሰርፌስ» የተባለውን ታብሌት በ499 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። ሥርዓተ ክወናው «ዊንዶውስ አር.ቲ.» ይባል ነበር። መልኩም፣ አብሮት የመጣው «ኦፊስ»ም ከተለመደው ዊንዶውስ ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ከውስጥ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የአርም ዓይነት ሲሆን፣ ለዓመታት የተከማቹት የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የተሰናዱት ለኢንቴልና ለመሰሎቹ ነበር። በመሆኑም የለመደውን የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም ሊጭንበት አስቦ የገዛ ተርጓሚ፣ ስሙን አምኖ ገንዘቡን ከፍሎ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። በፌብሩዋሪ 2013 የወጣው «ሰርፌስ ፕሮ» የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለ ነበረው የቆዩትን ፕሮግራሞች ያሠራ ነበር፤ ዋጋው ግን ከ899 ዶላር ይጀምራል። በጁላይ 2013 ኩባንያው በሰርፌስ አር.ቲ. ሳቢያ የ900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። በዚያው ዓመት የተከተለው «ሰርፌስ 2» ደግሞ «አር.ቲ.» የሚለውን ቅጥያ ከስሙ አወጣ፤ ውስጡ ግን ያው ዊንዶውስ አር.ቲ. ነበር። ስያሜ ሥራው ለሆነ ሰው ከኪሳራው ይልቅ የሚያስገርመው ይህ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው አንድ ምልክት ነበር፣ እርሱም ተጣለ።

ወደ ቃሉ እንመለስ። አንዳንዶች «ተስማሚነት» ይላሉ። «ተስማማ» ከ«ሰማ» የወጣ በመሆኑ፣ ትእዛዝ ሰጪና ትእዛዝ ሰሚ ላለበት ጉዳይ የሚያምር ነው። ነገር ግን «ተስማሚ» በዕለት ንግግር «ለ»ን ያስከትላል፤ ለጤና ተስማሚ፣ ለእርሻ ተስማሚ እንላለን። ቀላልና ለመያዝ ምቹ የሆነ ታብሌት ለተርጓሚ ተስማሚ ነው፤ ከፕሮግራሙ ጋር መጣጣሙ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። «ተጣጣሚ» «ከ…ጋር» ካልተባለ ያልሞላ ይመስላል። ለዚህም «ተጣጣሚነት» ይመረጣል። «ተጣጣሚ ታብሌት» ብሎ ማቆም ግን ገዢውን ማሳሳት ነው፤ ከየትኛው ፕሮሰሰር፣ ከየትኛው ሥርዓተ ክወና፣ ከየትኛው ሰነድ ጋር እንደ ሆነ ሊነገር ይገባል።

የሰነዱ ነገር በተለይ እኛን ይነካል። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት ብዙ የአማርኛ ጽሑፎች የላቲን ፊደላትን ቍጥር በተዋሱ ፎንቶች ተጽፈዋል። እንዲህ ያለው ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ታብሌት ላይ ሲከፈት፣ ፕሮግራሙ ቢሠራም የሚታየው የላቲን ምልክት ዝርክርክ ነው።

የአርም ዊንዶውስ ኋላ ላይ ችግሩን በትርጉም አቃለለው። ከ2017 በኋላ የመጣው ዊንዶውስ 10 ለኢንቴል የተጻፈውን ትእዛዝ ለአርም እየተረጐመ የሚያቀብል ክፍል ነበረው፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ለ64 ቢት ፕሮግራሞችም ይህንኑ አስፋፋ። ከሥርዓተ ክወናው እምብርት ጋር የሚሠሩት የመሣሪያ ነጂ ፕሮግራሞች ግን በዚህ አስተርጓሚ አያልፉም፤ ለአርም ተብለው መዘጋጀት አለባቸው።