ሞግዚቲቱና ምስሏ

አቶ ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ሳሉ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል አርእስት ወደ አማርኛ የመለሱትን የማርግሬት ሚቸልን ልብ ወለድ ያነበበ ሰው፣ ማሚ የምትባለውን ጥቁር ሞግዚት አይረሳትም። ትቈጣለች፤ ትገሥጻለች፤ ጌቶቿን ግን ከነፍሷ አብልጣ ትወዳለች። የራሷ ባልና የራሷ ልጅ በታሪኩ ውስጥ አይታዩም። ይህች ሴት የአንዲት ደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለችም። ከብዙ ዘመን በፊት በገበያና በጋዜጣ የተሣለች ምስል ናት፤ ጭነቷንም የተሸከሙት በሕይወት ያሉት ጥቁሮች የአሜሪካ ሴቶች ናቸው።

በ1889 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፓንኬክ ለሚባለው ስስ ቂጣ የሚሆን ዱቄት ያዘጋጁ ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን «አክስት ጀማይማ» ብለው ሰየሙት። በ1893 በቺካጎ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ፣ በኬንታኪ በባርነት የተወለዱት ወይዘሮ ናንሲ ግሪን ጀማይማን መስለው ቂጣውን እየጋገሩ፣ የደቡብ እርሻ ኑሮ እንዴት ያለ ደስታ እንደ ነበረ ለተመልካች ይተርኩ ነበር። «አክስት» የሚለው ቃል ለእኛ አንባቢ የዝምድናና የአክብሮት ጥሪ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ የደቡብ ነጮች ጥቁሪቱን አሮጊት «አክስት» የሚሏት «ወይዘሮ» ብለው ላለመጥራት ነበር።

በየካቲት 1923 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ለታማኞቹ ሞግዚቶች በዋሽንግተን ሐውልት እንዲቆም ፈቀደ። ጥቁሮቹ ሴቶች ግን ምስጋናውን አልተቀበሉም። የማኅበሮቻቸው መሪ የነበሩት ወይዘሮ ሜሪ ቸርች ቴሬል፣ ባሪያይቱ ሞግዚት የሌላውን ልጅ ስታሳድግ የገዛ ልጇ ከእቅፏ ይነጠቅ እንደ ነበረ በጋዜጣ አሳሰቡ። ሐሳቡ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ።

ሐውልቱ ቢቀርም ሲኒማው መጣ። በ1939 በወጣው ፊልም የማሚን ቦታ ይዘው የተጫወቱት ወይዘሮ ሃቲ ማክዳንኤል ከባርነት የወጡ ወላጆች ልጅ ነበሩ፤ የመድረክ ሥራ ባጡበት ጊዜም በእውነት ገረድ ሆነው ሠርተዋል። ፊልሙ በአትላንታ ሲመረቅ አልተገኙም፤ የከተማይቱ የዘር ሕግ ይከለክል ነበርና። በየካቲት 1940 በሎስ አንጀለስ የኦስካር ሽልማት ሲቀበሉ፣ ሆቴሉ ጥቁር የማያስገባ ስለ ነበረ በልዩ ፈቃድ ገብተው፣ ከፊልሙ ባልደረቦች ተለይተው በግድግዳው ሥር በተዘጋጀ ትንሽ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላም የሚሰጣቸው ሚና ያው የገረድ ሚና ነበር። የጥቁሮች መብት ተከራካሪ የሆነው ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዋልተር ኋይት በ1942 ወደ ሆሊውድ ሄደው ይህ አሣሣል እንዲለወጥ ጠየቁ። ጥያቄው እውነት ነበረ፤ ነገር ግን የወቀሳው ዱላ ፊልሙን በሚሠሩት ባለጸጎች ላይ ሳይሆን እንጀራ በምትፈልገው ተዋናይት ላይ ማረፉን እኔ ፍትሕ አልለውም። በሲኒማ ቤት አልባ ሆነው የሚታዩት ሴት ግን በ1945 ጥቁሮች በሠፈሩ እንዳይኖሩ የሚከለክለውን ውል ከጎረቤቶቻቸው ጋር በፍርድ ቤት ተሟግተው ረቱ፤ በገዛ ቤታቸውም ኖሩ።

ምስሉ እያደር ሌላ ልብስ ለበሰ። ጥቁሪቱ ሴት «ብርቱ ናት፤ ሁሉን ትችላለች» መባል ጀመረች። ይህም ውዳሴ ሌላ ቀንበር መሆኑን ሚሼል ዋላስ በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ ተከራከረች። በ2010 ሼሪል ዉድስ ጊስኮምቤ የተባሉ ተመራማሪ ጥቁር ሴቶችን አነጋግረው ባወጡት ጥናት፣ ብርቱ ሆኖ የመታየት ግዴታ ሴቶቹን ስሜታቸውን እንዲያፍኑና የራሳቸውን ጤና ችላ እንዲሉ እንደሚያደርግ አመለከቱ። ብርቱ ናት የተባለችን ሴት አመመሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት ማን ነው?

ወይዘሮ ማክዳንኤል በ1952 በጡት ነቀርሳ ሞቱ። በሆሊውድ መካነ መቃብር እንዲቀበሩ ተናዝዘው ነበር፤ በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። በ1923 በቺካጎ አውቶሞቢል ገጭቷቸው የሞቱት የወይዘሮ ናንሲ ግሪን መቃብርም ምልክት ሳይኖረው ወደ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ2020 ስማቸው ያለበት ድንጋይ ቆመለት። በዚያው ዓመት ኩባንያው የጀማይማን ስምና ሥዕል ከዱቄቱ ካርቶን ላይ እንደሚያነሣ አስታወቀ።