ፊደላችን በሽቦ ሲሄድ

ሽቦ ላይ ፊደል አይሄድም። የሚሄደው «አለ» ወይም «የለም» የሚል ምልክት ነው፤ አንድ በአንድ ተሰልፎ። የድሮው ቴሌፕሪንተር አንዱን ፊደል በ5 ምልክት ይልክ ነበር። ይህ 32 አማራጭ ብቻ ይሰጣል። ለላቲን 26 ፊደላት ይበቃል፤ 33 በ7 ተባዝተው 231 ለሚሆኑት የእኛ ፊደላት ግን ጠባብ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአማርኛውን ቴሌፕሪንተር የሠሩት የቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲሱ ተረፈ ራስወርቅ ፊት የነበረው ይህ ጥበት ነው።

ቴሌፕሪንተር ሌላም ጠባይ ነበረው፦ ከፊደል ወደ ቁጥር የሚያሻግረው ምልክት መንገድ ላይ ከጠፋ፣ ሽቦው ደህና ሆኖ ሳለ የሚታተመው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ሁለቱ ጫፎች አልተግባቡማ!

ሞቶሮላ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለማይክሮኮንትሮለር ያመጣው ኤስፒአይም ይህን ጠባይ ወርሷል። ቢቸና ወይም ሞጣ ሆኖ የሴንሰር ድራይቨር የሚጽፍ ወጣት፣ የሚያማክረው ባለሙያ አጠገቡ ላይኖር ይችላል። መላ ግን አለው። አስቀድሞ የመለያ ሬጅስተሩን ያንብብ። ለምሳሌ የቦሽ ቢኤምኢ280 ሴንሰር 96 ብሎ መመለስ አለበት። ሁልጊዜ 0 ወይም 255 ከመጣ፣ ከወዲያ ማዶ የሚመልስ የለም ማለት ነው፤ ሽቦውን፣ ኃይሉንና ቺፑን የሚመርጠውን መስመር ይፈትሽ። 48 ወይም 192 ከመጣ ግን መልሱ በአንድ ቢት ተንሸራቷል፤ የክሎኩን ሞድ ይመርምር። ሞዶቹ 4 ብቻ ናቸው።

የሰው ኮድ ገልብጦ የለጠፈ፣ ሲበላሽበት ይቆማል። ሬጅስተር ማንበብ የለመደ ግን የት እንደተበላሸ አግኝቶ ይቀጥላል። ኮሌጆቻችን ከሁሉ በፊት ማስተማር ያለባቸው ይህን ነው።