ከሊማሊሞ እስከ ሻዓር ሃጋይ፦ ዳገትና የሚፈላ ሞተር

ወገኖች፣ ዳገት ላይ የሚፈላ ሞተር ከአገር ቤት ጀምሮ የምናውቀው ነው። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የሠሩትን የሊማሊሞን መንገድ የወጣ ሰው፣ ከባድ መኪና ዳር ቆሞ ውሃ ሲጨመርለት አይቷል።

ሬሆቮት ስንገባ ደግሞ የብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ መኪና ያገለገለች ሱባሩ ነበረች። አብዛኞቹ የጃፓን ኩባንያዎች የዓረቦችን ማዕቀብ ፈርተው ሲቀሩ፣ ሱባሩ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስራኤል ገብታ መንገዱን ሞልታው ነበር። ያረጁት ግን ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ ሻዓር ሃጋይ ዳገት ላይ ይፈሉብን ነበር።

ከሊማሊሞ አብሮን የመጣው ልማድ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃ መጨመር ነው። ሞተሩ እንደጋለ ከሆነ ይሄ አደጋ ነው። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎም አይፈላም፤ ሲከፈት ግን ወዲያው ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል።

ስለዚህ የሙቀት መለኪያው ሲወጣ መዝጋኑን አጥፉ፣ ማሞቂያውን ክፈቱ፣ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ ውሃው መጉደሉን፣ ቱቦው ማንጠባጠቡን እዩ። ሞተሩ እንደገና ሲሞቅ ቬንትሌተሩ ካልዞረ ጥፋቱ እዚያ ነው። ውሃ እየጠፋ ነጭ ጭስ ከወጣ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላልና ወደ ሙሳኽ አስጎትቱ። «ቤት እስክደርስ ልንዳው» ማለት ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።