ንጉሥን የገሠጹ መነኮሳት

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ግዛታቸውን በጦር ያሰፉት ዐፄ ዓምደ ጽዮን የአባታቸውን ሚስት ማግባታቸውን ገድላት ሲተርኩ፣ አባ በጸሎተ ሚካኤልና አባ አኖሬዎስ በፊታቸው ቆመው እንደ ገሠጿቸው፣ ስለዚህም ግርፋትና ግዞት እንደ ደረሰባቸው አያይዘው ይነግሩናል። ወንድም ቢበድል አስቀድሞ ለብቻው፣ ባይሰማም በምስክሮች ፊት ይገሠጽ የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ሥርዓት ለድኃ ብቻ የተጻፈ አልመሰላቸውም። ሸንጋይ ካህን በየትኛውም ቤተ መንግሥት አይታጣም፤ ለንጉሡ ነፍስ የራሩት ግን ሥጋቸውን ለጅራፍ የሰጡት ናቸው ብዬ እፈርዳለሁ። በልጃቸው በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመንም የደብረ አስቦው አበምኔት አባ ፊልጶስ ከአንድ በላይ ማግባትን በመቃወማቸው ተሰደዱ። ግዞተኞቹ መነኮሳት በየደረሱበት አገር ወንጌልን ሰብከዋል።